ከችካሉ ጀርባ ማን አለ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ስለ ቅየሳና ስለ ጂፒኤስ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከአዳማ ናቸው። እኔም የምሠራው እዚሁ ስለሆነ ደስ ብሎኛል። ከተማው በየአቅጣጫው እየሰፋ ነው። በየመንደሩ ትራይፖድ የተሸከመ ልጅ ታያላችሁ። ንፋሱም እንደ ልማዱ ትራይፖዱን ለመጣል ይሞክራል። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል። የሰው ደመወዝ ስላለበት ነው።

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። አዳማ ውስጥ በአንድ ትንሽ የቅየሳ ቢሮ እሠራለሁ። አንድ ማሠልጠኛ «የዓለም አቀፍ ጂኤንኤስኤስ ማኅበር አባል እናደርግሃለን፣ ሰርተፍኬትም አለው» ብሎ የወር ደመወዜን የሚያህል ብር ጠየቀኝ። ጓደኞቼ ከፍለዋል። እኔ ግን ማኅበሩ የትኛው እንደሆነ እንኳ አልገባኝም። እውነተኞቹ ድርጅቶች የትኞቹ ናቸው? ለእኔ ቢጤስ ምን ይጠቅማሉ?
— ጀማሪው ቀያሽ፣ አዳማ

ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ።

ጂኤንኤስኤስ ማለት ጂፒኤስና እሱን የመሰሉ ቦታ ጠቋሚ ሳተላይቶች የጋራ ስም ነው። አባል የሆነ ሁሉ በዓለም ዙሪያ የጂኤንኤስኤስ ባለሙያ ተብሎ የሚታወቅበት አንድ ማኅበር የለም። ያሉት ብዙ ድርጅቶች ናቸው፤ ሥራቸውም ለየቅል ነው። ማሠልጠኛው የማኅበሩን ስም በግልጽ መናገር ካልቻለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ስም ከጠራልህ ደግሞ ከታች ያለውን አንብበህ ራስህ ፍረድ።

ለአንተ ከሁሉም የሚበልጠው አባልነት የማይጠይቅህ ነው። አይጂኤስ ይባላል፤ ዓለም አቀፉ የጂኤንኤስኤስ አገልግሎት ማለት ነው። በፈረንጆቹ 1994 መግቢያ ላይ (ከዚህ በኋላም ዓ.ም. ካላልኩ የምጠራው ዓመት የፈረንጆች ነው) ሥራ ሲጀምር በስሙ ውስጥ የነበረው ጂፒኤስ ብቻ ነበር። እንደ ሩሲያው ግሎናስና እንደ አውሮፓው ጋሊሊዮ ያሉትንም ለማቀፍ በ2005 ስሙን ቀየረ። ከ100 በላይ በሆኑ አገሮች ያሉ ከ200 የሚበልጡ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የካርታ መሥሪያ ቤቶችና የምርምር ተቋማት ይሳተፉበታል። እያንዳንዱ በራሱ ወጪ አንቴና ይተክላል፣ ቀን ከሌሊት የሳተላይቶቹን ምልክት ይቀዳል። ከዚያ የትንተና ማዕከሎቹ ሳተላይቱ በየሰዓቱ የት እንደነበር ያሰላሉ። ከማዕከሎቹ መካከል በስዊዘርላንድ በርን፣ በጀርመን ፖትስዳም፣ በአሜሪካ ደግሞ የናሳው ጄፒኤል ይገኛሉ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሳተላይቱ ራሱ የሚያሰራጨው የምሕዋር መረጃ አንድ ሜትር ገደማ ይስታል። አይጂኤስ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የሚያወጣው የመጨረሻው ምሕዋር ግን ስሕተቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። ለማንም በነጻ ነው።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግበት?» ትለኝ ይሆናል። ሳይትህ አጠገብ የሚታመን ቤንችማርክ፣ ቁጥሩ የታወቀ ቋሚ ነጥብ፣ የለም እንበል። ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ሪሲቨርህን (የሳተላይት ምልክት መቀበያህን) ነጥቡ ላይ አቁምና ስታቲክ፣ ማለትም ሳታንቀሳቅሰው፣ ቅዳ። ሁለት ሰዓት ትንሹ ነው፤ ስድስት ሰዓት ካገኘህ እሰየው። ፋይሉን ራይኔክስ ወደሚባለው የጋራ የፋይል ዓይነት ቀይረህ የአውስትራሊያ መንግሥት በኢንተርኔት ወደሚያቀርበው ማስያ፣ ወደ አውስፖስ፣ ላከው። በዙሪያህ ካሉ የአይጂኤስ ጣቢያዎች ጋር አገናኝቶ ያሰላና ሪፖርቱን በኢሜይል ይልክልሃል። የካናዳ መንግሥት ደግሞ ሲኤስአርኤስ ፒፒፒ የሚባል አለው፤ ኢሜይልህን ብቻ ያስመዘግብሃል። ለሁለቱም ልከህ ውጤቱን አስተያይ። በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከተስማሙ ተኝተህ ታድራለህ።

አዳማ ላይ ዕድለኞች ነን። ከመረቡ ጣቢያዎች አንዱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው፤ ባለ አራት ፊደል መጠሪያውም «አዲስ» ተብሎ ይነበባል። እሱ በሆነ ቀን ባይሠራ እንኳ ጅቡቲ፣ ኬንያ ማሊንዲና ኡጋንዳ ምባራራ ያሉት አሉ።

አሁን ወደ እጅህ ሥራ እንምጣ፤ ብዙው ሰው የሚበላሸው እዚህ ነው። የትኛውም ዓለም አቀፍ ድርጅት የአንቴናህን ቁመት አይለካልህም። ቋሚ ነው ሰያፍ? የለካኸው እስከ አንቴናው ግርጌ ነው ወይስ ጎኑ ላይ እስካለው ምልክት? የአንቴናው ሞዴል በትክክል ተጽፏል? እነዚህን ሦስቱን ደብተርህ ላይ ጻፍና ከነአንቴናው በስልክህ ፎቶ አንሣ። ከቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ አትትከል፤ ምልክቱ ቆርቆሮው ላይ ነጥሮ ሲመጣ ሪሲቨሩን ያታልለዋል። የትራይፖዱ እግሮች ላይ የአሸዋ ከረጢት አድርግ። ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን የአዳማ ንፋስ ታውቀዋለህ። እኔ ዘንድ ተለማማጅ ሲመጣ መጀመሪያ የማስተምረው ከረጢት መሙላት ነው። ይስቃሉ፤ አንድ ጊዜ ትራይፖድ ሲወድቅ ካዩ በኋላ ግን ይተዉታል።

የቀሩትን ድርጅቶች ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። ከአይጂኤስ በላይ አይኤጂ አለ፤ ዓለም አቀፉ የጂኦዴሲ፣ የምድርን ቅርጽና ልክ የሚያጠናው ሳይንስ፣ ማኅበር። ታሪኩ ወደ 1862 ይመለሳል። ዮሐን ያኮብ ባየር የሚባል የፕሩሲያ ጄኔራል የመካከለኛው አውሮፓን አገሮች «መሬትን አብረን እንለካ» ብሎ ያሰባሰበው ነው። የምድርን ሽክርክሪት የሚከታተለውና በሰዓታችን ላይ ሰከንድ ይጨመር አይጨመር የሚያስታውቀው አይኢአርኤስም ከቤተሰቡ ነው። ይህ የተመራማሪ ቤት ነው። ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ካሰብክ ተመልከተው። ለሳይት ሥራ አያስፈልግህም።

ፊግ ደግሞ የእኛ የቀያሾቹ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ነው፤ በ1878 ፓሪስ ላይ ተመሠረተ። ግን ልብ በል፤ ፊግ ዋነኛ አባላቱ ማኅበራት እንጂ ግለሰቦች አይደሉም። «የፊግ አባል አደርግሃለሁ» የሚልህ ካለ በየትኛው ማኅበር በኩል እንደሆነ ጠይቀው። የወጣት ቀያሾች መረብ ስላለው እሱን ፈልገው። ሕትመቶቹንም በነጻ አውርደህ ማንበብ ትችላለህ። የአሜሪካው የናቪጌሽን ኢንስቲትዩት በ1945 የተቋቋመ ነው፤ ግለሰብንም ከፍሎ እስከገባ ድረስ ይቀበላል። መጽሔቱ ግን ከ2022 ወዲህ ያለ ክፍያ ይነበባል። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ዶላር ማሳደድ አያስፈልግም።

ሥልጠና ከፈለግህ ዓይንህን ጣሊያን ትሪየስት ላይ ጣል። እዚያ ያለው ዓለም አቀፍ የፊዚክስ ማዕከል ከአፍሪካ ለሚሄዱ ወጣቶች በጂኤንኤስኤስ ላይ ዐውደ ጥናት ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ለተመረጡት ወጪያቸውን ይሸፍናል። ውድድር አለው፣ ማመልከቻ አለው፣ ያደክማል። ሆኖም ተመርጠህ የምትገባበት እንጂ ከፍለህ የምትገባበት አይደለም። የሙያ ፈቃድን በተመለከተ ደግሞ እዚህ አገር ፈቃድ የሚሰጠው የመንግሥት አካል ነው። የማሠልጠኛው ወረቀት አይተካውም።

አንድ ደንበኛ የድሮ ፕላን አምጥቶ የማዕዘኖቹን ኮኦርዲኔት ስልኬ ላይ አስገባሁ። ነጥቦቹ ግቢውን ጥለው ሌላ ሰፈር ላይ አረፉ! ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት፤ በትክክል ነው የጻፍኩት። ፕላኑ ውሸት ነው?
— ግራ የገባት፣ አዳማ

እህቴ፣ ፕላኑ ውሸት አይደለም፤ ስልክሽም አልዋሸም። ሁለቱ የሚቆጥሩት ከተለያየ መነሻ ነው። ነጥቦቹ ያረፉት ከግቢው ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ሁለት መቶ ሃያ ሜትር ገደማ ርቀው አይደለም? ከሆነ ፕላኑ አዲንዳን በሚባለው የድሮ መነሻ ነው የተሠራው።

አዲንዳን መነሻ ነጥቡ በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካኖቹ ከእኛ ሰዎች ጋር የዓባይን ተፋሰስ ሲቀይሱ የአገራችን የመሠረት ነጥቦች ከሱ ጋር ተያያዙ። የምድርን ቅርጽ የሚወስደውም በ1880 ክላርክ ካሰላው ነው። ስልክሽ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን የጂፒኤስ መነሻ ነው። አዳማ ላይ በዩቲኤም፣ ቦታን በሜትር በሚቆጥረው የካርታ መረብ፣ ዞን 37 ከአዲንዳን ወደ ደብሊውጂኤስ ስትሄጂ የምሥራቁ ቁጥር ወደ 95 ሜትር፣ የሰሜኑ ደግሞ ወደ 205 ሜትር ይጨምራል።

እነዚህን ቁጥሮች ችግሩን ለመለየት ተጠቀሚባቸው እንጂ ድንበር አትትከይባቸው። ከስልክ አፕ ወይም ከሶፍትዌር ውስጥ ተዘጋጅተው የሚመጡት መቀየሪያዎችም ሜትሮች ሊስቱ ይችላሉ። ለግቢ ድንበር ሜትር ማለት ክስ ነው። በሁለቱም መነሻ ቁጥራቸው የሚታወቅ ነጥቦችን በአካባቢሽ ፈልጊና ከነሱ አስልተሽ ቀይሪ። ነጥቦቹን የምትጠይቂው ስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትን ነው፤ ነባሮቹ ባለሙያዎች አሁንም «ካርታ ሥራ» የሚሉትን ማለቴ ነው። ደብዳቤ አስጽፈሽ ሂጂ። በቃል የተነገረሽን ቁጥር አትቀበይ።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። የአፍሪካ አገሮች ብዙዎቹ ከቅኝ ገዥዎችና ከፕሮጀክቶች የወረሱት የየራሳቸው መነሻ ስላላቸው ድንበር ላይ ሁለት ካርታ አይገጥምም። አፍሬፍ የሚባለው ውጥን የተነሣው አህጉሩን ሁሉ በአንድ መነሻ ለማስቀመጥ ነው። ናይሮቢ የሚገኘውና በ1975 የተመሠረተው የአካባቢው የካርታና የርቀት ቅኝት ማዕከል፣ አዲስ አበባ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና አይኤጂ ሁሉ እጃቸው አለበት። የመንግሥታቱ ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤም በየካቲት 2015፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ አገሮች የጋራ የጂኦዴሲ መነሻ እንዲጠቀሙና መረጃ እንዲካፈሉ ወስኗል። በ2023 ደግሞ ጀርመን ቦን ላይ ለዚሁ ሥራ ማዕከል ተከፈተ። እኔ በበኩሌ ቦን ከተከፈተው ማዕከል ይልቅ አዳማ ላይ አጥር ተሠርቶለት የሚጠበቅ አንድ ቋሚ ጣቢያ ባገኝ እመርጣለሁ። ስንቱ የመሠረት ነጥብ ነው በግሬደር ተጠርጎ የሄደው!

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ እዚህ አዳማም አልጋችን ይወዛወዝ ነበር። ልጆች ተንጫጩ፤ እኔም ውጭ ያደርኩበት ሌሊት አለ። አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መሬቱ ከተንቀሳቀሰ በይዞታ ካርታዬ ላይ የተጻፈው ቁጥር ዋጋ አለው? ይህንንስ የሚለካ አካል አለ?
— ጡረተኛ መምህር፣ አዳማ

መምህር፣ ካርታዎን አይስጉለት። ግን ጥያቄዎ ቁም ነገር ያለው ነው።

ያኔ የሆነው፣ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ቅልጥ ዐለት ከሥር ሰርጎ ገባና መሬቱን ወደ ግራና ቀኝ ገፋው። ከተመዘገቡት ነውጦች ትልቁ በየካቲት የደረሰው 6.0 ነበር። እዚያው ቅርብ ያሉ ነጥቦች ከቦታቸው ስለሄዱ መተሐራ በኩል የምትሠሩ ቀያሾች የድሮ ቤንችማርክን ሳትፈትሹ አትመኑ። አዳማ ግን ከፈንታሌ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ቤቱ የተወዛወዘው ማዕበሉ ስለደረሰ ነው፤ ማዕበሉ ሲያልፍ ችካሉ እዚያው ነው።

ከነውጡ ውጪም ቢሆን መሬቱ አያርፍም። እኛ የተቀመጥንበት ስምጥ ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር በዓመት አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል። ያ ትንሹ ነው። አህጉሩ ራሱ ከእነ አዳማ፣ ከእነ ጎረቤትዎ በዓመት ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል። በአሥር ዓመት 30 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ጎረቤትዎ አብሮዎት ስለሚጓዝ በእናንተ መካከል ያለው አጥር ቦታው ላይ ነው። ጣጣው ለእኛ ለቀያሾቹ ነው። አውስፖስ ዛሬ የሚሰጠኝ ቁጥር የዛሬ ቀን ቁጥር ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ከተለካው ጋር ሳላስታርቅ ባቀላቅለው የእርስዎን አጥር 30 ሴንቲ ሜትር ጎረቤት ውስጥ አስገባዋለሁ። ባለሙያ ሲያመጡ «ቁጥሩ የየትኛው ዓመት ነው?» ብለው ይጠይቁት። ከተደናገረ ሌላ ይፈልጉ።

የሚለካውስ ማን ነው? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ሰዎቹ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆነው በስምጥ ሸለቆው ላይ ጂፒኤስ እየተከሉ ለዓመታት ለክተዋል። ኮሎራዶ የነበረው ዩናቭኮ የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት ለእንዲህ ዓይነቱ ምርምር መሣሪያና ሙያ ያቀርብ ነበር። በ2023 የመሬት ነውጥ ከሚከታተለው አይሪስ ጋር ተዋሕዶ ኧርዝስኮፕ ሆኗል። የአውሮፓ ጠፈር ድርጅት ሴንቲነል 1 ሳተላይትም በራዳር ከላይ ያየዋል። በፈንታሌ ጊዜ መሬቱ የት ላይ እንደተገፋ የታየው በአብዛኛው በሱ ነው። ምስሉም በነጻ ይገኛል።

ባጃጅ ነጂ ነኝ። ጂፒኤስ ስከፍት ካርድ ይበላል ይሉኛል። እውነት ነው? ለምንስ አንዳንዴ ከፖስታ ቤት መንገድ አውጥቶ ሰው ቤት ውስጥ ያስገባኛል?
— ባለ ባጃጁ

ጂፒኤሱ አይበላም። ሳተላይቱ ያወራል፣ ስልክህ ይሰማል፤ አለቀ። ካርድህን የሚበላው ካርታው ነው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ቁጭ ብለህ የአዳማን ካርታ ቀድመህ አውርድ። ሰው ቤት የሚያስገባህ ደግሞ ስልክ በደህናው ቀን ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ስለሚስት ነው። ፎቅ አጠገብ ከዚያም ይብሳል።

የመንገድ ሥራ ላይ ነን። ትራፊክ ስለሚበዛ ማታ ማታ እንለካለን። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አርቲኬው (እዚያው በሴንቲ ሜትር የሚለካው የጂፒኤስ ዘዴ) ፊክስ፣ ቁጥሩ ጸንቷል፣ ይልና ወዲያው ወደ ፍሎት፣ ወዳልጸናው ቁጥር፣ ይመለሳል። ሪሲቨሩን ሁለት ጊዜ ለጥገና ላክነው፤ «ደህና ነው» ብለው መለሱት።
— የሌሊት ቡድን

ደህና ነው ካሏችሁ ደህና ነው። የተበላሸው ሰማዩ ነው። እኛ ከምድር መግነጢሳዊ ወገብ ሥር ነን ማለት ይቻላል። ፀሐይ ስትጠልቅ በላያችን ያለው አዮኖስፌር የሚባለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንብርብር እየተበጣጠሰ የሳተላይቱን ምልክት ያንቀጠቅጠዋል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ይበረታል። በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ደግሞ ይብሳል፤ ፀሐይ ንቁ በሆነችባቸው ዓመታትም እንዲሁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ።

መፍትሔው ይኸውላችሁ። ኮንትሮሉን፣ የመሠረት ነጥቦቻችሁን፣ ማለዳ አስቀምጡ። ማታ የግድ ከሆነ ሳተላይት በማይፈልገው ቶታል ስቴሽን ሥሩ። አርቲኬ ካላችሁም ቤዙን፣ ቋሚውን ሪሲቨር፣ አቅርቡት፤ ጂፒኤስ፣ ግሎናስ፣ ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ ሁሉ ክፈቱ። እያንዳንዱን ነጥብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ደግማችሁ ለኩ። አለቃችሁ «ፊክስ ብሏል፣ በቃ» ቢል አትስሙት። እንዲህ ባለ ምሽት የተሳሳተ ፊክስም ይመጣል።

ኮንትራክተር ነኝ። የ600 ሜትር አጥር ዲዛይን ተሰጠኝ። በቶታል ስቴሽን ስለካው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 600 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሆነ። ባለቤቱ ቀያሹን ክሰስ ይለኛል።
— ባለ አጥሩ

ማንንም አትክሰስ። ዲዛይኑ በዩቲኤም ግሪድ፣ በካርታው መረብ፣ ላይ የተሠራ ነው። ዩቲኤም በመካከለኛው መስመሩ ላይ ርቀትን በ0.9996 ያሳንሳል፤ አዳማም ለዚያ መስመር ቅርብ ናት። በዚያ ላይ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ስለተቀመጥን መሬት ላይ ያለው ርቀት ካርታው ካሰበው ይረዝማል። ሁለቱ ሲደመሩ በየ100 ሜትሩ ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናሉ። በ600 ሜትር ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፤ ልክ አንተ ያገኘኸው።

አሁን የሚቀርህ አንድ ነገር ነው። ዲዛይነሩን «ርቀቱ የግሪድ ነው የመሬት?» ብለህ በደብዳቤ ጠይቀው። መልሱን አስፈርም። የማባዣ ቁጥሩን ፕላኑ ላይ አስጽፍ። ከዚያ ብሎኬት እዘዝ፤ ለ40 ሴንቲውም ጨምረህ።